ባና የለበሰችው አበባ

መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሌላው ዓለም ያለው እውቀት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሌላው አገር ሁሉ ይሞቃል። ከእኛ ዘንድ ወዴትም ብትሄዱ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁል የወረደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ እጀ ጠባቡን እያወለቀ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በእኛ ዓይን ብርድ የማይችል ምስኪን ነው። ገና ውሃ ሳንሰጠው ባና እናለብሰዋለን። ባና የማታውቁ እንደሆነ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ጥቁር ብርድ ልብስ ነው፤ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በጉ ከሞት የተነሣ ይመስል ይሸታል። እንግዳው በረደኝ አለም አላለም ይለብሳል። ላብ ሲያጠምቀው «አያችሁ፣ ብርዱ ሲወጣለት!» እንላለን።

ይህን የማወራችሁ በአገሬ ሰው ለመሣቅ አይደለም። አንዲት እንግዳ መጥታብን ያደረግነውን ስነግራችሁ ቶሎ እንዳትፈርዱብን ብዬ ነው። እንግዳዋ ሰው አልነበረችም። አበባ ነበረች።

ያመጧት ጋሼ ተሰማ ናቸው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተ እናቴና እኔ ሞላሌ፣ ከገበያው በስተ ታች፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ጸሐፊ ነበሩ። ጣሊያን በገባ በዓመቱ የጌታቸውን ደብዳቤ ትጽፍ ነበር ተብለው ተያዙና በመርከብ ባሕር ማዶ ተጋዙ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይተው፣ የሞቱ መስሎን አልቅሰን ከጨረስን በኋላ፣ አንድ ቀን በበሩ ገቡ። ጢማቸው ነጭቷል፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። ይዘው የሄዱትን ባና ይዘው ተመለሱ፤ በባናው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሥር ነበረ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ እንደ ሰው ጣት የተንጨፈረረ። ያየው ሁሉ «ቀበርቾ ነው» አለ። ለቀበርቾ ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው አለመኖሩን ግን ማንም አላሰበም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጋሼ ጋር ሽፈራው የሚባል የጊሼ ሰው ተግዞ ነበር። ሁለቱን ከሌሎች ለይተው ተራራ ሥር ባለች መንደር አስቀመጧቸው። እዚያ ሽፈራው በብርድ ሞተ። ከመንደሯ ጫፍ ቀበሩት። ብርዱ ሲያልፍ በመቃብሩ ራስጌ ማንም ያልተከላት አበባ ወጣች። የመንደሩ ሽማግሌ እንደ ነገሯቸው ፒዮንያ ትባላለች፤ ከዚያ ተራራና ከጥቂት መሰሎቹ በቀር የትም አትበቅልም፤ በዚያው አገር ተወልደው አርጅተው ሳያዩዋት የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ጋሼ ሲፈቱ ለሟቹ ሚስት የሚሰጡት ወረቀት አልነበራቸውም። ሥሩን ቆፍረው መጡ።

የሟቹ ሚስት እትዬ ሸዋዬ ትባላለች። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት አንቱ ብላት «ምን አረጀሁና!» ብላ ስለ ተቆጣችኝ እናንተም አንቺ ማለቴን ይቅር በሉኝ። ጋሼ መምጣታቸውን ሰምታ ከጊሼ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ መጣች። ነገሩን ሁሉ ሰማች። እንባ አልወጣትም።

«በምን ሞተ አሉኝ?»

«በብርድ፣ እህቴ።»

«ሽፈራው! በጊሼ ውርጭ ሜዳ ላይ የሚያድረው ሽፈራው፣ ቁልቁል ወርዶ በብርድ ሞተ?»

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። አሁን ፍረዱ፤ እኛም ሁላችን የእሷ ወገን ነበርን። ሰው ቁልቁል ሄዶ በብርድ ሞተ ሲባል ማን ያምናል? ጋሼ ሌላ ማስረጃ ቢያጡ ስለ አበባዋ ነገሯት፤ ቅጠሏ እንዴት እንደሆነ፣ አበባዋ የጽጌረዳ መልክ እንዳላት፣ እንደ መዳፍ ስትከፈት መሐሏ ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት እንደሚመስል። «እንዲህ ያለች አበባ በአገራችን የለችም። ስታብብ ታዪያታለሽ» አሏት።

«እንግዲያው ምስክርዎ ይናገር» አለች። «እስከዚያ ድረስ ባሌ አልሞተም።»

ጠጉሯን ሳትላጭ፣ ነጠላዋን ሳታጠቁር ተመለሰች። የባሏ ወንድሞች ተዝካሩን እናውጣ ቢሏት «ለቆመ ሰው?» እያለች ትመልሳቸዋለች አሉ። አልጋውን በየቅዳሜው ታነጥፋለች አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጋሼን ጣሊያን ለምን ፈታቸው? የጊሼው ሰው ሞቶ እሳቸው እንዴት ተረፉ? በየሰኞው ከገበያው በላይ ካለው ምሽግ ሄደው መኖራቸውን እያሳወቁ መምጣታቸውስ? ፊት ለፊት ባንዳ ያላቸው የለም። ሰላምታው ግን አጠረ። ድሮ ቆሞ የአዝመራውን፣ የበጉን፣ የልጁን ነገር ያወራ የነበረው ሰው «ደህና ዋሉ» ብሎ ማለፍ ጀመረ። ስለዚህ ያቺ አበባ ማበቧ ለሁለት ሰው ነበር፦ ለአንዷ ባሏን ለመቅበር፣ ለአንዱ ስሙን ለማንጻት።

ሥሩ ከቤታችን ጀርባ፣ ከጎመኑ አጠገብ ተተከለ። ከሁሉ በፊት የደነገጡት ጎረቤታችን አያ ገብሬ ናቸው። ጣሊያን በየኮረብታው የሚዘረጋውን የስልክ ሽቦ አይተው ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እናቴን ወደ ጎን ጠሩና «ሥር አይደለም፤ ስልክ ነው» አሏት።

«ኧረ አያ ገብሬ! ቅጠል አውጥቷል እኮ።»

«ታዲያ ሽቦ ሆኖ ይወጣልሽ ኖሯል? እዚህ የተነገረውን ሮማ ያደርሳል እልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በአጥራችን አጠገብ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህ መንግሥት እኮ መልካም ነው! መንገዱን አየኸው?» ይሉ ነበር፤ አጥሩን ካለፉ በኋላ የቀረውን እርግማን ይጨርሳሉ። የመንደሩም ሰው ከእሳቸው ተማረ። እንግዲህ በመላው መንዝ ጣሊያን የሚመሰገንበት አንድ ቦታ ቢኖር የእኛ ጎመን ማሳ ነበር።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ኅዳር ሲገባ አበባዋ ቅጠሏን ጣለች። በየማለዳው አመዳይ መሬቱን እንደ ጨው ያለብሰው ጀመር። ጋሼ ባናቸውን አመጡና «ሲመሽ አልብሻት፣ ፀሐይ ሲወጣ ግለጪላት» አሉኝ። እሳቸው ጉልበታቸው ብርድ ስለማይችል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይተኛሉ፤ ጠዋትም ፀሐይ ግቢውን ካላሞቀችው አይወጡም። ሥራው የእኔ ሆነ። መንደርተኛው ይህን ሲያይ «እውነታቸውን ነው፤ ከሚሞቅ አገር የመጣች ናት፣ ምን ታድርግ» አለ። ጋሼ ግን ያለበሷት ከሚሞቅ አገር መጥታለች ብለው አልነበረም። እሳቸው ያንን አገር ያውቁታል። ያለበሷት ለምን እንደሆነ በኋላ ትሰማላችሁ።

የበልግ ዝናብ ሲወርድ ቀይ ቀይ ቡቃያ አወጣች። ቅጠሏ ሰፋ፣ አማረ። አበባ የለም። እትዬ ሸዋዬ በሚያዝያ መጣች። ቅጠሉን ዳበሰችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ተነሣች። «እንግዲያስ በሕይወት አለ» አለችና ያን ሁለት ቀን መንገድ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበረ። ጋሼ ዕለቱን እህል አልቀመሱም።

በሁለተኛው ዓመት «በደንብ አላለበስሻትም» ተባልሁ። ባናውን ሁለት እጥፍ አደረግሁላት። ከሥሩም ጭድ ጎዘጎዝሁ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ዓመት ከእኔ ይልቅ እሷ ሞቋታል። ቅጠሏ ካለፈው ዓመት ይበልጥ አማረ። አበባ የለም። እትዬ ሸዋዬ መጣች፣ አየች፣ «ይመጣል» ብላ ሄደች። አያ ገብሬም ስልኩ እየጠነከረ ነው አሉ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው የእኔ ጥፋት።

በኅዳር መጨረሻ ጊሼ ላይ ወታደር ዘምቶ መንደሩን አቃጠለና እትዬ ሸዋዬ ያቺ በየቅዳሜው ስታነጥፋት የነበረች አልጋ ሳትቀር ቤቷ ነደደ። ወደ እኛ መጣች። በትከሻዋ ላይ ካለች አንዲት ነጠላ በቀር ምንም የላትም። እኛም ብንሆን ከነበሩን ሁለት ባናዎች አንዱን ወታደር ለፍተሻ ገብቶ ይዞት ሄዷል፤ በቀረው እናቴና እኔ ተጠጋግተን እንተኛለን። ለእንግዳዋ ቁርበት ተነጠፈላት። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራት። ደረቅ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል። እናቴ ጋሼ ዘንድ ገባች።

«ወንድሜ፣ ያንን ባና ለሰው ብንሰጠውስ?»

«ለሰው ነው የተሰጠው» አሉ።

«እዚያ ያለው እኮ ሥር ነው!»

«ሽፈራው ነው። ይበርደዋል።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ ወጣች።

እኔ እንግዲህ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ መናገር የማልችል ፍጥረት ነኝ። ገበያ ተልኬ ጨው ሻጯ «ስንት ልስፈርልሽ?» ስትለኝ በጣቴ የማሳይ ነኝ። ጋሼ ፊት ቆሜ «ይቺ ሴት ትሙትብዎ?» ማለት ለእኔ ምሽጉን ከመክበብ አያንስም። የሚናገር ሰው ቢሆን ይናገር ነበር። የማይናገር ሰው ግን ይሰርቃል። ያን ዕለት ማታ ባናውን ይዤ ወደ ጎመኑ ወጣሁ፤ አበባዋ የተተከለችበትን ቦታ ቆሜ አየሁት፤ ይዤው ተመለስሁና እትዬ ሸዋዬ ላይ ጣልሁት። እናቴ ዓይኗን ከፈተች፤ ጨፈነች። እትዬ ሸዋዬ የተኛች መሰለኝ። በነጋታው ጋሼ ሳይወጡ ባናውን ወስጄ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ ገና አሁን የገለጥሁላት እንዲመስል።

እንዲህ ስል ታኅሣሥ አለቀ፣ ጥር አለቀ። ሳሉ በጥር አጋማሽ ለቀቃት። እኔን ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። በየማለዳው የአበባዋን ቦታ አያለሁ፤ አመዳይ ተኝቶበታል። አንድ ቀን በእጄ ብነካው አፈሩ እንደ ድንጋይ ሆኗል። የደረቀው ግንዷ ጠቁሮ ተሰባብሮ ወደቀ። ገደልኋት አልሁ። አሁን የጋሼ ምስክር ሞተ፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ባንዳ ሆነው ሊቀሩ ነው፤ እትዬ ሸዋዬ ዕድሜ ልኳን ለማይመጣ ሰው አልጋ ስታነጥፍ ልትኖር ነው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት አንድ ቃል መናገር ፈርቼ ነው። የባሰው ደግሞ እትዬ ሸዋዬ አንድ ጠዋት ጋሼን «እግዜር ይስጥልኝ፤ ከብርድ አወጡኝ» አለቻቸው። ልቤ ቆመ። ጋሼ ስለ ቤቱ መስሏቸው «ቤትሽ ነው እህቴ» አሉ። ልቤ እንደገና ሥራውን ጀመረ።

የበልግ ዝናብ ወረደ። ሳምንት ሙሉ ወደዚያ አልሄድሁም። በኋላ ጋሼ በትራቸውን ይዘው ከጓሮ ሲጣሩ ሰማሁና ሄድሁ። ቡቃያው ወጥቷል። ካለፉት ዓመታት የወፈረ፣ የቀላ፣ ጫፉ እንደ ጡጫ የተጨበጠ። ከመጋቢት በኋላ ጡጫው ክብ እምቡጥ ሆነ፤ ጉንዳን ወረረው። አያ ገብሬ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጉንዳኖቹን ሲመለከቱ ቆዩና «መልእክተኞቹ ናቸው፤ ተጠንቀቁ» ብለውን ሄዱ።

በፋሲካ ሰሞን በአንድ ጠዋት ተከፈተች። ልክ ጋሼ እንዳሉት ናት። የጽጌረዳ መልክ፣ እንደ መዳፍ የተዘረጋች፣ መሐሏ ቢጫ ዱቄት። በዚያው ሰሞን ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር ዕቃውን ጭኖ ለቅቆ ሄደ፤ አያ ገብሬም «ስልኩ አልሠራ ስላላቸው ነው» ሲሉ ለገበያው አስረዱ። እኛ ግን ያን ጠዋት ስለ ምሽጉ አላሰብንም። እትዬ ሸዋዬን ጠራናት።

መጣች። ቆማ አየቻት። ጋሼ ከአጠገቧ በትራቸውን ተደግፈው እንደ ተከሳሽ ቆሙ። እኔ ይህችን ጠዋት ሦስት ዓመት ሙሉ ስመኛት ኖሬ፣ ምን እንደተመኘሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የዚችን ሴት ባል መርዶ ነበር ስመኝላት የኖርሁት።

«አበባ ናት» አለች በመጨረሻ። «አበባ ባል ገደለ ብዬ ልመን?»

ጋሼ ያን ጊዜ ተናገሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተናገሩትን።

«አንድ ባና ለሁለት ነበረን፣ እህቴ። የእሱን መርከብ ላይ ወሰዱበት። ተራ በተራ ነበር የምንለብሰው። ያን ዕለት ተራው የእሱ ነበር። እኔን ትኩሳት ይዞኝ ነበርና "ዛሬም አንተው ልበሰው፤ እኔ የጊሼ ሰው ነኝ" አለኝ። እምቢ አላልሁም። ለበስሁት።»

እትዬ ሸዋዬ አበባዋን ትታ ወደ እሳቸው ዞረች።

«"እኔ የጊሼ ሰው ነኝ" አለዎት?»

«አለኝ።»

«ሲል እየሣቀ?»

«እየሣቀ።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ ጎመኑ ላይ። «እሱ ነው» አለች። «እሱው ነው፤ ሞቷል።» ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ መጣ። ለሦስት ዓመት የታገደ ለቅሶ ነበርና በቀላሉ አላበቃም። አያ ገብሬ ቆባቸውን አውልቀው፣ ስልክ ነው ባሉት ሥር አጠገብ ቆመው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ዕለት በኋላ ጋሼን በአጭር ሰላምታ ያለፋቸው ሰው የለም።

ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ጋሼ ዓይናቸውን ጠረጉና አበባዋን በበትራቸው አመለከቱ። «ለእሱ ያልደረሰው ባና ለእሷ ደረሰ። ባናው ነው ያዳናት» አሉ።

እኔ ከእናቴ ጀርባ ተደበቅሁ። እትዬ ሸዋዬ በለቅሶ ያበጠ ዓይኗን አነሣችና በቀጥታ ወደ እኔ አየች። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። በየጠዋቱ ባናውን ከላይዋ አንሥቼ በእግሬ ጣት ስወጣ፣ ተኝታ አልነበረም።

«አዎን» አለች ለጋሼ። «ባናው ነው ያዳነን።»

በክረምቱ መጨረሻ ፍሬው ሲፈነዳ ቀይና ጥቁር ዘር ሰጠ። ጥቁር ጥቁሩን ለቅማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ጊሼ ሄደች። ቤቷን የባሏ ወንድሞች ሠርተውላታል። ተዝካሩንም አወጣች። ዘሩ ይብቀል አይብቀል ገና አልሰማንም፤ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚተኛ ዘር ነው ይላሉ።

እስከዚህ ያለውን የጻፍሁት ፊደል ላስቆጠሩኝ ለጋሼ ለማሳየት ብዬ አልነበረም። ግን ከሳቸው በቀር ማን ያርምልኛል? አፌ እምቢ ያለውን እጄ ይናገር ብዬ ከትናንት ወዲያ ወረቀቱን ከራስጌያቸው አኖርሁና ሸሸሁ። ኅዳር ገብቷል፤ አመዳዩ ጀምሯል፤ ባናውን ማልበስ ከጀመርሁ ሳምንቴ ነው። ማለት፣ አልብሻት ሲሉኝ እሺ ማለት ከጀመርሁ።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን መለሱልኝ። ሁለት ቦታ በቀይ ቀለም አርመዋል። ስለሌላው ነገር የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦

«ያ የተጋዝንበት መንደር ሽማግሌ "በረዶ ባልተኛባት ዓመት አታብብም" ብሎኝ ነበር። ስለ በረዶው መስማት አልፈለግሁም ነበርና አላዳመጥሁትም።»

እኔም አልጠየቅሁም፤ መቼም አመሌን ታውቃላችሁ። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዴ ባናውን ላነሣ ወደ አጥሩ ብሄድ የለም። ጓሮ ሄድሁ፤ አበባዋ ራቁቷን ናት። ቤት ገባሁ።

መደቤ ላይ፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተነጥፏል።

ይከብዳል። ይኮሰኩሳል። ለእኔ እንኳ ሳይበዛ አይቀርም፤ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ግን እምቢ አላልሁም። ለበስሁት።